ሎዖ ያላለኝ ሰው

የጋሼ ማቴዎስን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከመርካቶ ወደ ሆስፒታሉ ስንወርድ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ "አንቺ ሐጂ ሸምሱ ሱቅ የነበርሽው ታደለች አይደለሽ? ሻይ ቀማሹ ሰውዬ አረፈ እኮ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተነገረ" አለኝ። ወዲያው የፊት ጎማው ጉድጓድ ገባበትና መንገድ ሠሪዎቹን መራገም ጀመረ። እኔ ከኋላ የዘይት ጀሪካኔን በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ ያዝኩ። ያዘንኩ መስሎት "አይዞሽ፣ ሁላችንም ሂያጆች ነን" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። ሰው ሲሞት አንዳንዱ በሳቁ፣ አንዳንዱ በአረማመዱ ይታወሳል። የጋሼ ማቴዎስ ግን ምላሱ ነው የታወሰኝ፤ ሻይ ከቀመሰ በኋላ ላንቃው ላይ አጣብቆ ጧ የሚያደርጋት ያቺ ምላሱ። ያንን ምላስ እንዴት አድርጌ አመንኩት! ከገዛ ምላሴ አስበልጬ አመንኩት፤ ከእናቴ እጅ አስበልጬ አመንኩት። እሱ ደግሞ ጉድ ሠራኝ። አሁን ሞተ ተብሎ ከማን ጋር ልጣላ?

በፊት አንቱ ነበር የምለው። አሁን እሱ ስለው የምትቆጡኝ ካላችሁ ታገሱኝ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

ሐጂ ሸምሱ አባታቸው ከስልጤ የመጡ የጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ሶዶ መርካቶ ውስጥ ስኳር፣ ቅመምና ሻይ ቅጠል ያከፋፍላሉ። ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ሻይ ቅጠሉን ከቀረፋው፣ ከቅርንፉዱ፣ ከሄሉ ጋር እያስቀየጡ በትንንሽ ፓኬት ያሳሽጋሉ። እኔ ትምህርት ጨርሼ ቤት ቁጭ ስል ለማሸግ ተቀጠርኩ። ጋሼ ማቴዎስ ደግሞ የክፍሏ ቀማሽ ነበር። የመጣውን ቅጠል እየቀመሰ ይሄ ከዚያ ጋር ይሄዳል፣ ይሄ አይሄድም የሚል፣ ከዚያ ውጭ እጁን አንዳች ነገር ላይ የማያሳርፍ ሰው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሐሩር ሆነ ዝናብ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሱ ማንኪያ ይሰካል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ማንኪያዋ አብራው ትመጣ ነበር። በወጣትነቱ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሻይ እርሻ ላይ ሲሠራ ነው መቅመስ የተማረው፤ ሲመለስ ይዞት የመጣው ማንኪያዋንና ኩራቱን ብቻ ነው እያሉ ያሙት ነበር። ኩራቱ ግን ያምርበት ነበር፣ ምን ይደረግ።

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ቅቅል ቦዬ፣ ያንን የኛን አገር ሥራ ሥር፣ በሚያቃጥለው ዳጣ በልቼ ነው። ወላይታ ቤት አድጎ ያለ ዳጣ ቁርስ የሚበላ ማነው? በሩ ላይ ሆኜ እንደምን አደሩ ስል ገና በቅጡ ሳያየኝ አፍንጫውን ነፋ።

"ዳጣ!" አለ። "ነጭ ሽንኩርቱ የበዛበት ነው። ምላስሽ ተኝቷል፣ ሚቼ። ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ነገ ሲነቃ ይዘሽው ነይ።"

ሚቼ በወላይትኛ እህቴ ማለት ነው። ያባረረኝም እህቴ ብሎ፣ የከዳኝም እህቴ ብሎ ነው። ሐጂ ሸምሱ ከሱቁ ሆነው በሳቅ ፈረሱ። "ቦዬ በዳጣ አንዱን ሠራተኛዬን አስቀረብኝ፣ ወላሂ!" አሉ። እኔ አልቅሼ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ግን ባዶ ሆዴን ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ በነበረኝ ቀን ሁሉ ዳጣ የምበላው ከሰዓት በኋላ ነው።

የማሸግ ሥራዬን ሳልጨርስ በዚያው ወደ ቅምሻው ሳበኝ። አፍንጫሽ ደህና ነው አለኝ፤ እሱ ሰው ሲያመሰግን ከዚያ አያልፍም። ያስቸገረኝ ድምፁ ነበር። ቀማሽ ሻይን ከማንኪያ ላይ በኃይል ይስበዋል፤ አየር አብሮ ገብቶ ጣዕሙ አፍ ውስጥ እንዲበተን ነው። እኔ ደግሞ እናቴ ፉት ስል ድምፅ ካሰማሁ ዓይኗን የምታፈጥብኝ ልጅ ነኝ። አፍሬ ቀስ ብዬ ስቀምስ ተቆጣ።

"በጨዋ ደንብ ከጠጣሽው እሱም በጨዋ ደንብ ዝም ይልሻል" አለኝ። "ጩሂበት! ሻይ የሚናገረው ሲጮኹበት ነው።"

ጮህኩበት። ሱቅ ውስጥ ስኳር የሚገዙ ሴቶች ምን ተፈጠረ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ። እውነትም ሻዩ ተናገረ። ቀረፋው ፊት ለፊት መጣ፣ ዝንጅብሉ ከኋላ ጉሮሮዬን ቆነጠጠኝ፣ ቅጠሉ ደግሞ መሃል ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ያስታርቃል። እስከዚያ ቀን ሻይ ለኔ ትኩስና ጣፋጭ ውሃ ነበር። ይህንን በር የከፈተልኝ እሱ ነው፤ ይህንን አልክድም። ክፉኛ የሚያንገበግበኝም እሱ ስለሆነ ነው።

ሲናገር መስማት ደስ ይል ነበር። ቅርንፉድ የበዛበትን ሻይ "የሰርግ ዘመድ" ይለዋል፤ ብዙ ያወራል፣ ምንም ይዞ አልመጣም። ያገኙት ቅመም ሁሉ የተጨመረበትን "የቅዳሜ ገበያ" ይለዋል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ በሚያብረቀርቅ ካርቶን የእንጆሪ ሽታ ያለው ሻይ አመጣ። ጋሼ ማቴዎስ ቀመሰው፣ ሁሌ እንደሚያደርገው አጠገቡ ያለው ጣሳ ውስጥ ተፋው፣ ማንኪያውን ጠረገ።

"ይሄን ለማፍላት ለምን ትደክማላችሁ?" አለ። "ማስቲካ እኮ ነው። እያኘክነው ብንሄድ አይሻልም?"

ነጋዴው ተቀይሞ ወጣ። ሐጂ ሸምሱ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

ፍርዱ ሦስት ቃል ብቻ ነበር። "ገለባ" ካለ ያ ቅይጥ ይጣላል። "ያልፋል" ካለ ይታሸጋል። ሦስተኛውን ቃል በወላይትኛ ነበር የሚለው፤ "ሎዖ" ይላል። ጥሩ ነው ማለት ነው፤ በሶዶ መንገድ ላይ ማንም ለማንም የሚለው ተራ ቃል ነው። ከሱ አፍ ግን ሲወጣ እኔ የሰማሁት ለብቻው ለተፈላ፣ ቅመም ላልነካው ቅጠል ነው፤ ለቅይጥ ብሎ አያውቅም። ቃሉን አንድ ቀን ለኔ ስኒ እንዲላት እንዴት እመኝ ነበር! የሚያስቅ ምኞት ነው፣ አውቃለሁ። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተብኝ። ጋሼ ማቴዎስ ስታመም የሚያሳክመኝ፣ ሰው ሲናገረኝ የሚቆምልኝ፣ ሽማግሌ ሲያስፈልገኝ ኮቱን ቆልፎ የሚመጣልኝ ሰው ነበር። አባት ያላት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ትመኝ እንደሆነ አላውቅም።

የምንቀምስበትን ደንብ እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ነጫጭ ስኒዎች ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። በየስኒው ማስቀመጫ ሥር የበቆሎ ፍሬ እናደርጋለን፤ ለአንዱ ቅይጥ አንድ ፍሬ፣ ለሌላው ሁለት፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ሌላ ሰው ይገባና ቦታ ያቀያይራቸዋል። ቀማሹ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም። ፍርዱን ተናግሮ ሲጨርስ ማስቀመጫው ይነሳና ፍሬው ይታያል። "ስኒ ስም የለውም" ይል ነበር። "ስም ካለው ምላስ ያፍራል፣ ያዳላል። እኔ የምፈርደው ለሻይ ነው፣ ለሰው አይደለም።" ይህንን ሲል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ ቃል በቃል አምን ነበር።

እናቴ አየለች ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነበር የምትኖረው። እግሯን ታማ ስትተኛ ጋሼ ማቴዎስ ልጠይቃት ብሎ አብሮኝ መጣ። እናቴ እንግዳ መጣ ስትባል እንደምንም ተነሳችና ሃይታ ቱኬ አፈላች። የማታውቁት ካላችሁ፣ የቡና ቅጠል የሚፈላበት የኛ አገር መጠጥ ነው፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ይገባበታል። በየቤቱ አለ፤ የእናቴ ግን ለየት ይላል። ሌላው ሰው ቅጠሉን ትኩሱን ወቅጦ ያፈላዋል። እሷ ግን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ምድጃ ዳር ታሳድረዋለች፤ ሲነጋ ጠውልጎ ማር ማር ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ ሸክላ ላይ አመስ አድርጋ ነው የምታፈላው። ጎረቤት እንግዳ ሲመጣበት ቅጠል ይዞ እሷ ጋ ይመጣ ነበር፣ አሳድሪልኝ እያለ። እናቴ ብዙ ነገር አልነበራትም። በዚህ ግን ስም ነበራት።

ጋሼ ማቴዎስ ቀመሰ። ምንም አላለም። ከዚያ ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠግቶ ይጠይቃት ጀመር፤ ለጋውን ነው የምትቀጥፊው ወይስ የጠናውን? ጠዋት ነው ወይስ ፀሐይ ሲበረታ? ስታምሺው ክዳን ትከድኛለሽ? እናቴ ሕመሟን ረስታ እንደ ልጅ እያወራች አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ሲሄድ "እንዲህ የሚያዳምጥ ወንድ አይቼ አላውቅም" አለችኝ። ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ ልቤ ውስጥ ገባ። የእናቴን ቅጠል ከሻይ ቅጠል ጋር ብቀይጠውስ? ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና ጨውን ትቼ ዝንጅብሉን ብቻ ባስቀር፣ ትንሽ ጠጅ ሳር ብጨምርበትስ? ለማንም ሳልናገር ቤቴ ውስጥ ስሞክር ከረምኩ። መጀመሪያ መረረ። ቀጥሎ ጠጅ ሳሩ ሁሉንም ዋጠው፣ ሳሙና ሳሙና አለ። ብዙ ደፋሁ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የፈላውን በማንኪያ ስቤ ጮህኩበትና ቆሜ ቀረሁ። የሻዩ ቅጠል ፊት ለፊት፣ የእናቴ ቤት ጢስ ከሥር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያ ማር የሚለው ነገር። ሎዖ፣ አልኩ ለራሴ። ግን የኔ ሎዖ ምን ያደርጋል? የሱን ነበር የምፈልገው።

በማግስቱ ከሚቀመሱት ቅይጦች መሃል የኔን አንድ ስኒ ጨመርኩ። ሥሩ የበቆሎ ፍሬ አደረግኩ፣ አብራኝ የምታሽገው ልጅ አቀያየረቻቸው። ሐጂ ሸምሱም ቆመው ነበር። ጋሼ ማቴዎስ ከዳር ጀምሮ እየቀመሰ፣ እየተፋ፣ "ያልፋል፣ ገለባ፣ ያልፋል" እያለ መጣ። የኔ ላይ ደረሰ። ማንኪያውን ሳበው። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ዋጠው። ሌላ ጊዜ እሱ የቀመሰውን ሲውጥ አይቼ አላውቅም፤ ጣሳው አጠገቡ ነበር። እንደገና ቀዳ፣ እንደገና ዋጠ።

"ገለባ" አለ። "ይሄ የከብት ቤት ይሸታል። ማነው ሻይ ውስጥ በረት የከተተ?"

ሐጂ ሸምሱ ሳቁ፤ ልጅቷም ሳቀች። እኔ ማስቀመጫውን አንስቼ የበቆሎ ፍሬዬን መዳፌ ውስጥ ደበቅኩ። የማን እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ እሱም አላወቀም ብዬ ነበር። ደግሞ አሻሽዬ አቀረብኩ፣ ደግሞ ገለባ አለው። እዚህ ላይ ነው መሞኘቴ፤ ሰውን ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ ሆን ብሎ ነው፣ ቀንቶብኝ ነው ባልኩ። ግን ስኒው ስም የለውማ! ስም የሌለው ስኒ እንዴት ይበደላል? ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። የቀረውን ቅይጥ አፍስሼ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ስቀምስ እንኳ መጀመሪያ የሱን ፊት ማየት አመጣሁ፤ ምላሴ እሱ ሳይናገር መናገር ፈራች።

ይህም አልበቃው። እናቴን ሊጠይቅ ለብቻው ሄደ። ስኳርና የታሸገ ቅመም ሻይ ይዞላት ሄዶ፣ በፈገግታ፣ በለሰለሰ አንደበት፣ "ለእንግዳ ሻይ አፍዪ እንጂ፤ ይሄ ሃይታ ቱኬ የድሮ ነገር ነው፣ የከተማ ሰው አይወደውም፣ ጭስ ጭስ ይላል" አላት። ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት። ጓሮ ያለውን ቡና እያየች ነበር የነገረችኝ። ስም የነበራት በዚያ ብቻ ነበር እኮ! ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ የሱን ፓኬት ከፍታ ሻይ በስኳር ታፈላለች፤ ቅጠል ይዘው የሚመጡ ጎረቤቶቿንም "ተውት፣ እኔ እጄ አርጅቷል" ብላ መለሰቻቸው። የራሷን ደግሞ ሰው ሳያያት ጓዳ ሆና ትጠጣ ነበር። ሰው በቤቱ እንደ ሌባ ተደብቆ ሲጠጣ አይታችኋል? እናቴ እንዲህ እንዳደረጋት ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ ጋሼ ማቴዎስ ከሐጂ ሱቅ ወጣ። "ምላሴ ደከመ፣ ከእንግዲህ ላርፍ" አለ። ሐጂ ሸምሱ አዝነው አዲስ ኮት አሰፉለት። እኔም አለቀስኩ፤ እንደ አባት ነበር የሸኘሁት።

ያ ሁሉ ከሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ የእናቴን ቤት ለማየት ወደ ቀበሌያችን ስሄድ ቦዲቲ ወረድኩ። ዝናብ ስለያዘኝ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። አሳላፊዋ ልጅ መጣች።

"ተራ ሻይ አለ፣ ቅመም አለ፣ የማቴዎስ አለ" አለችኝ።

"የማቴዎስ ደግሞ ምንድነው?"

"አዲስ ነው። እሱን ጠጪ፣ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚወደው።"

ሽታው ከብርጭቆው ቀድሞ መጣ። አፍንጫዬ አወቀው፤ እኔ ግን ገና አላመንኩም። ሰዉ ሁሉ እያየኝ ጮህኩበት። የሻይ ቅጠል ፊት ለፊት። ጢስ ከሥር። መጨረሻ ላይ ማር። ከጠጅ ሳሩ መጠን አንድ ቁንጥር እንኳ አልቀየረም! በእንሰት ቅጠል ያደረ፣ ሸክላ ላይ የታመሰ፣ የእናቴ የአየለች እጅ፣ እሷ ቅቤ ይዛ ገበያ ትወጣበት በነበረው ከተማ፣ በሰው ስም ይሸጣል። ያኔ ነው መዋጡ ትዝ ያለኝ። ዋጠው እኮ! ሁለት ጊዜ ዋጠው። ስም የሌለውን ስኒ ከመጀመሪያዋ ማንኪያ ጀምሮ አውቆታል፤ እናቴ ቤት ጠጥቶታላ።

"ማን ነው የሚያመጣላችሁ?" አልኳት።

"እሱ ራሱ ነዋ፣ ጋሼ ማቴዎስ። ራሱ ነው የሚቀይጠው። ምላሱ እኮ ሌላ ነው ይላሉ።"

የእናቴን ቤት ሳላይ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። ቤቱ ስደርስ ሐጂ ያሰፉለትን ኮት ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንኪያዋም ኪሱ ውስጥ አለች። ያን ቀን ነው አንቱታው ከአፌ የወጣው።

"ያንን ሻይ ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

አየኝ። "ቦዲቲ ሄድሽ ማለት ነው" አለ።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከእናትሽ ቤት። ካንቺም ስኒ።" ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። "ምን ልዋሽሽ።"

"ገለባ አልከኝ። በረት ይሸታል አልከኝ። እሷንም ቤቷ ድረስ ሄደህ አሳፈርካት!"

ማንኪያዋን ከኪሱ አውጥቶ በኮቱ ጫፍ ጠረጋት። "ሚቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሻይ ስቀምስ ኖርኩ። ይሄ ጎደለው፣ ያ በዛበት ስል። አንድም ቀን የራሴን ቀይጬ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም። አንቺ ዳጣ በልተሽ የመጣሽ ልጅ ተነስተሽ ያንን አቀረብሽልኝ። ምን ላድርግ? አንቺ ገና ብዙ ቀን አለሽ። እኔ የለኝም።"

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሳላዝንለት አልቀርም ነበር። እሱ ግን ቀማሽነቱ ተነሳበት።

"ደግሞስ ለምን አመንሽኝ?" አለኝ፣ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ። "ምላስ አልነበረሽም? ገለባ ስልሽ፣ አይደለም ማለት ነበረብሽ። ቀማሽ የገዛ ምላሱን ነው የሚያምነው።"

"አንተ ያስተማርከኝ አንተን ማመን ነው" አልኩት።

ማንኪያዋን ወደ ኪሱ መለሳት። "ቁጭ በይ፣ ሻይ ልታፈላልሽ ነው ማርታ" አለኝ። ማርታ ሚስቱ ናት። የትኛውን ሻይ ልታፈላልኝ እንደነበረ ከጓዳው በሚመጣው ሽታ አወቅኩ። ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሱ ካለበት ወገን ተቀምጬ አላውቅም። ለሐጂ ሸምሱ ብነግራቸው "እኔንም ደክሞኛል ብሎ ኮት አሰፋኝ እኮ" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሌላ ለማን ልናገር? የቡና ቅጠል በየጓሮው አለ፤ የእናቴ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ለቅሶው ግን ሄድኩ። እኛ አገር ጠብ ከለቅሶ አያስቀርም። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ወንጌላዊው ተነስቶ፣ "ጌታ ለወንድማችን ልዩ ምላስ ሰጥቶት ነበር፤ ከገዛ ምድራችን ቅጠል ለሕዝባችን ሻይ አበረከተ" ሲል ሰዉ አሜን አለ። ወጣቶቹ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ያንኑ ሻይ እየቀዱ ያዞራሉ። ለኔም ሰጡኝ። ብርጭቆውን ይዤ እትዬ ማርታ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ጌታ ያጽናሽ አልኳት። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እሱ እንዳስተማረኝ አድርጌ ሻዩን ሳብኩት። በኃይል፣ በድምፅ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

"ይሄ የእናቴ እጅ ነው" አልኩ ለእትዬ ማርታ። "የአየለች ነው።"

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ያዘችኝ፣ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አለች።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ከሐጂ ሱቅ ስኒሽን ቀምሶ የመጣ ዕለት ነግሮኛል። ደጃፉ ላይ ሆኖ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ 'ማርታ፣ ዛሬ ታደለች ሎዖ አስቀመሰችኝ' አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ይወድሽ እኮ ነበር።"

ልታጽናናኝ ነው ያለችው። እኔ ግን ውስጤ ተቃጠለ። ሎዖ ብሎት ነበር! በዚያው ቀን፣ በዚያው ምላስ ብሎት ነበር፤ ለኔ ግን ገለባ ብሎ፣ ለእናቴ ጭስ ብሎ። እናቴ ጓዳ ተደብቃ ስትጠጣ ይህቺ ሴት ቃሉን ይዛ እዚህ ተቀምጣ ነበር።

"እትዬ፣ ጮክ ብለሽ በይው" አልኳት። "አንድ ጊዜ ብቻ። ይሄ ሁሉ ሰው ይስማ። የአየለች ነው በይ።"

ድንኳኑን አየች። ወንጌላዊውን አየች፣ የባሏን ፎቶ አየች። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችና ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ከዚያ ሊያጽናናት ጎንበስ ወዳለው ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን ጨርሶ እንዲደገምለት ሰጠ።

"ሎዖ!" አለ። "አይ ማቴዎስ፣ ምን ዓይነት ምላስ ነው የቀበርነው!"